በረዶ የጣለ ቀን፣ ሦስት ልጆችና አንድ የከሰል ምድጃ

ባለፈው ሐምሌ ደሴ ላይ በረዶ የጣለ ዕለት ከሦስት ልጆች ጋር ቤት ተዘግቶብኝ ዋልኩ። ትልቁ 7 ዓመቱ ነው። ሴቷ 4 ዓመቷ። ትንሹ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነው፣ ግን ከሁለቱም በላይ የሚያደክመኝ እሱ ነው። ልጅ ያላችሁና ክረምቱን ደጋ ላይ የምታሳልፉ ከዚህ የምትወስዱት ነገር አይጠፋም ብዬ ነው የምጽፈው። ስለ ጨዋታውም ስለ ገንፎውም እነግራችኋለሁ። የከሰሉን ነገር ግን እባካችሁ ሳትዘሉ አንብቡት።

ደሴን የሚያውቅ ሐምሌዋን ያውቃል። ጠዋት መስኮት ስትከፍቱ ጦሳ የለም፤ ጉም ውጦታል። ትልቁ ልጄ «ጦሳ ዛሬም አልተነሳም?» ይለኛል። ተራራው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ የተኛ ይመስለዋል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ግቢው ጭቃ ነው። የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ሦስት ቀን ውሎ አድሮ ሲነካ አሁንም ይቀዘቅዛል፤ ደረቀ አልደረቀም ብሎ መከራከር ብቻ ነው። ባለቤቴ ሥራው ኮምቦልቻ ስለሆነ በጠዋት ሚኒባስ ይዞ ወርዷል።

ይቺ ኮምቦልቻ ደግሞ ታናድደኛለች። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ መድረስ ነው፣ ግን ሌላ አገር ናት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። አንድ ሺህ ሜትር በተወጣ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ እነሱ ከእኛ 4 ዲግሪ ያህል ይሞቃቸዋል ማለት ነው። በቁጥር ሲያዩት ትንሽ ነው። ካልሲው ለረጠበ ሕፃን ግን ትንሽ አይደለም። ረፋድ ላይ ደውሎ «እዚህ ፀሐይ ወጥቷል፣ ጃኬቴን አውልቄያለሁ» አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

እኔ ለዚያ ቀን ፕሮግራም አውጥቼ ነበር። የምሬን ነው፣ በወረቀት። 3 ሰዓት ፊደል፣ 4 ሰዓት ሥዕል፣ 5 ሰዓት ተረት። ፊደሉ ሀ ሁ ሂ ላይ ቆመ፣ ምክንያቱም ትንሹ እርሳሱን ማኘክ ጀመረ። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ወጣ። ተረቱን ልጀምር ስል መብራት ሄደ፣ ሁለቱም «ስልክሽን ስጪን» አሉ፣ ስልኬ ደግሞ 20 ፐርሰንት ነበረው። ፕሮግራሙን ቀድጄ ጣልኩት። ብትፈልጉ እናንተም አውጡ፣ አልከለክልም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ቤቱ ጨለመ። አንድ ነገር ቆርቆሮው ላይ ቋ አለ። ቆይቶ ሌላ። ትልቁ «ማነው ድንጋይ የሚወረውረው?» አለ። መልስ ሳልሰጠው ሰማዩ ተዘረገፈ።

ቆርቆሮ ቤት ያልኖረ ሰው ያንን ድምፅ አያውቀውም። «አብሽሩ፣ አብሽሩ!» ብዬ ስጮህ የራሴን ድምፅ አልሰማሁትም። ትንሹ ያለቅሳል፣ ለቅሶው ግን አይሰማም። የተከፈተ አፉና ሁለት የታች ጥርሶቹ ብቻ ናቸው የሚታዩኝ። ያደረግኩት ነገር ቢኖር የምግብ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጌ አራታችንም ከሥሩ መግባት ነው። ጣሪያው ሲቀርብና ሲጠብ ልጆች ይረጋጋሉ። ከዚያ «በሉ ከበረዶው በላይ እንጩህ!» አልኳቸው። ጮኽን። የሚያስፈራው ነገር ውድድር ሆነና ሴቷ በረዶው ቀነስ ሲል «ደከመው! አሸነፍነው!» አለች።

መብረቁ ግን አልደከመም። ቴሌቪዥኑንና ፍሪጁን ቀድሜ ከሶኬት ነቅያለሁ፤ መብራት የለም ብላችሁ እንዳትተዉት፣ መብረቅ በሽቦው ለመምጣት የመብራት ኃይልን ፈቃድ አይጠይቅም። ከቧንቧና ከብረት መስኮትም ራቅ ማለት ነው። ለትልቁ ደግሞ መቁጠር አስተማርኩት። ብልጭታው ወዲያው ይታያል፣ ድምፁ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ብልጭ ሲል ጀምሮ እስኪያጓራ ቆጥሮ ለ3 ማካፈል ነው። 15 ቆጠረና «ገራዶ ነው!» አለ። ቀጥሎ 6 ቆጠረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጦሳ ላይ ደረሰ» አለኝ። ማካፈልን ትምህርት ቤት ገና አልተማረም፣ በጣቱ ነው የሠራው። የኔ ፕሮግራም ያላስተማረውን ነጎድጓዱ አስተማረው።

በዚህ መሀል ኮርኒሱ ማፍሰስ ጀመረ። አሸንዳው በበረዶና በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍኖ ውሃው ወደ ቤት ተመልሷል። ሰኔ ላይ አስጠርጊው ተብዬ ነበር፣ ነገ ነገ ስል ቀረ። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ድስት፣ ያለኝን ሁሉ ደረደርኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ገና መራመድ የጀመረ ልጅ ባልዲ ውስጥ በአፍጢሙ ከተደፋ ራሱን ቀና ማድረግ አይችልም፣ ጭንቅላቱ ይከብደዋል። ለመስጠም ደግሞ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይበቃዋል። ድምፅም አያሰማም። ስለዚህ ባልዲዎቹ ያሉበትን ክፍል ቆለፍኩት፣ ሳሎን ያለውን ድስት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ደፋሁት።

በረዶው ሲያባራ ግቢው ነጭ ሆኗል። ሴቷ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ «እማ፣ ጨው ተደፋ!» አለች። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ጥሩ ነው፣ እኔም ጠበቅኩ፣ ግን ያቺን ግማሽ ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍናት አትጠይቁኝ። ጓንት የለንም። እጃቸው ላይ ካልሲ፣ ከካልሲው ላይ ፌስታል አጥልቄ አንጓቸው ላይ በላስቲክ አሰርኩላቸው። ይሠራል። አስር ደቂቃ ብቻ ብዬ ለቀቅኳቸው።

አብዛኛው ሽምብራ ያክላል፣ አንዳንዱ ባቄላ። ከትልልቆቹ አንዱን በቢላ ለሁለት ከፈልኩላቸው። መሀሉ ነጭ ነው፣ ዙሪያውን እንደ መስታወት የጠራ በረዶ ለብሷል። ደመናው ውስጥ ወደ ላይ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፣ የውሃውን ጠብታ ሽቅብ ይዞት ይወጣል፣ እላይ ይበርዳል፣ ሌላ ውሃ ይለጠፍበትና ያም ይበርዳል፣ እንዲህ እየደራረበ ሲከብድ ነፋሱ መሸከም ያቅተውና ይለቀዋል። እንደ ሽንኩርት ልብስ በልብስ ነው አልኳቸው። ትልቁ ካርቱን ላይ የሚያየው ለስላሳው በረዶ ይሄ መሆኑን ጠየቀኝ። አይደለም፣ ያኛው ደመና ውስጥ ከእንፋሎት በቀጥታ ተሠርቶ እንደ ጥጥ የሚወርድ ነው፣ ይሄ ግን ውሃው በርዶ ድንጋይ የሆነ ነው፤ ባማርኛ ለሁለቱም «በረዶ» ስለምንል ነው የተምታታበት። የጥጡ ዓይነት እዚህ አገር ሲገኝ እንደ ራስ ዳሸን ያለ በጣም ከፍ ያለ ተራራ ላይ ነው አልኩት። «ታዲያ ጦሳን ትንሽ ከፍ ቢያደርጉትስ?» አለ።

ሊበሉት ፈለጉ። ከቆርቆሮ የወረደ ነው፣ የወፍ ኩስ አለበት፣ አይበላም አልኩ። ለማየት ብቻ አንድ አንድ ሲኒ ሙሉ እንዲይዙ ፈቀድኩ። ሴቷ ሲኒዋን ለአባቷ ብላ አልጋ ሥር ደበቀችው።

እንግዲህ ከሰሉ።

በርዷቸው ገቡ፣ ልብስ ቀየርኩላቸው። መብራት የለም፣ ቡና አምሮኛል፣ ቤቱ ደግሞ እንደ ጉድጓድ ቀዝቅዟል። ማድ ቤት ከሰል አያይዤ፣ ጢሱ አልቆ ደህና አድርጎ ሲፈም ምድጃውን ሳሎን አስገባሁት። ሁላችንም የምናደርገው ነው። መስኮቶቹ በበረዶው ምክንያት ዝግ ነበሩ። በበሩ ሥር ነፋስ ሲገባብኝ አሮጌ ፎጣ ጠቅልዬ ወተፍኩበት። ትንሹን አዝዬዋለሁ። ሁለቱ እጃቸውን ፍሙ ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። አቦሉን ጠጣሁ።

ከዚያ ቤቱ ጸጥ አለ። ደስ አለኝ። ጠዋት ሙሉ የለመንኩት ጸጥታ ነበር። ሴቷ መጅሊሱ ላይ ጋደም አለች፤ የቀን እንቅልፍ ከተወች ዓመት ሆኗታል፣ ጩኸቱ አድክሟት ነው አልኩ። ትልቁ «ራሴን» አለኝ። በብርድ ስለሮጥክ ነው አልኩት። እኔንም ራሴን ያዝ አድርጎኛል፤ ቡናው ዘግይቶብኝ ነው ብዬ ቶናውን ቀዳሁ። ለሁሉም ምክንያት ነበረኝ።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እማማ ናቸው፣ ንፍሮ በሳህን ይዘው። በሩን ቢገፉት ፎጣው ይዞት አልከፈት አለ። ልከፍትላቸው ብድግ ስል ጉልበቴ ከዳኝና ግድግዳውን ያዝኩ። እሳቸው በትከሻቸው ገፍተው ገቡና ምድጃውን አዩ፣ የተኛችውን ልጅ አዩ፣ እኔን አዩ። «አንቺ! ልጆቹን ልትፈጂ ነው?» ሳህኑን የት እንዳደረጉት እንጃ፣ መስኮቶቹን በረገዱና ምድጃውን በቀሚሳቸው ጫፍ ይዘው ግቢ ወረወሩት። ሴቷን ተሸክመው ወጡ። ትልቁ በእግሩ ወጣ፣ በረንዳው ላይ አስመለሰው። ትንሹን ከጀርባዬ አውርጄ ጉንጩን ነካ ነካ ሳደርገው ዓይኑን ገለጠ፣ አፉን ከፈተ። አሁን ለቅሶው ተሰማ።

እማማ «ወተት አጠጪያቸው» አሉ፣ አጠጣሁ። ነርስ የሆነች የአክስቴ ልጅ አለች፣ ደወልኩላት። ወተቱ አይጎዳም ግን የገባውን አያስወጣውም፣ የሚያስወጣው አየር ነው፣ ከባድ ከሆነም ኦክስጅን፣ ቢሻላቸውም ይታዩ አለችኝ። ባጃጅ እስኪገኝ ሌላ ጣጣ ነበር፣ መንገዱ ጎርፍ ነው። ብቻ ወሰድኳቸው፣ ታዩ፣ አመሻሽ ላይ ደህና ናቸው ተብለን ተመለስን።

የነገረችኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። «ጢሱ ካለቀ አይጎዳም» የምንለው ስህተት ነው፤ ቀይ ፍም ሆኖ ሲያምር ነው ዝም ብሎ የሚያወጣው። ደማችን ኦክስጅን በሚሸከምበት ቦታ ላይ ይሄ ጋዝ ቀድሞ ይቀመጣል፣ አለቅም ይላል። ልጆች ከእኛ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ቀድመው ይጎዳሉ። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስመለስ፣ ድካም፣ እንቅልፍ ነው፣ ጉንፋን ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ አሁን የምይዘው አንድ ምልክት ይሄ ነው፦ አንድ ቤት ያለ ከአንድ በላይ ሰው ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመው መጀመሪያ ወደ ውጭ መውጣት፣ ምክንያቱ በኋላ ይጣራል። አጠገቡ ውሃ በሳህን ማስቀመጥም ጋዙን አያስቀረውም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርገው ነው የኖረችው፣ እኔም አደርገው ነበር።

ቡናን አልተውኩም፣ ወሎ ተቀምጦ ቡና መተው አይሆንም። ግን ወይ በረንዳ ላይ ነው፣ ወይ በርና መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቶ። በረካው ሲያልቅ ምድጃው በዚያው ይወጣል። አመድ ለብሶ የጠፋ ሲመስል «ለሙቀት ይቆይ» ብላችሁ እንዳትተዉት፣ ውስጡ ፍም ነው። መኝታ ቤት ደግሞ በምንም ተአምር አይገባም።

ታዲያ ያለ እሳት እንዴት ይሞቃል? ያን ማታ ሁሉንም አንድ ክፍል ሰበሰብኳቸው። ትልቁን ፍራሽ መሬት አወረድኩ፣ ከሥሩ ምንጣፍና ካርቶን አነጠፍኩበት፤ ብርዱ ከላይ ይልቅ ከሲሚንቶው ነው የሚመጣው። አንድ ወፍራም ሹራብ ከማልበስ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ መደራረብ ይሻላል። ካልሲ ደረቅ ይሁን እንጂ የማንም ይሁን፣ ትንሹ የአባቱን ለብሶ እስከ ጭኑ ደርሶለት ነበር። ውሃ አሙቄ ጀሪካን ውስጥ ከትቼ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ በፎጣ ጠቅልዬ ሳይተኙ በፊት ፍራሹን አሞቅኩበት፣ ሊተኙ ሲሉ አወጣሁት። የፈላ ውሃ አታድርጉ፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ልጅም ያቃጥላል። ገንፎውን ማድ ቤት፣ በሩን ከፍቼ ሠራሁ። መሀሉ ላይ ቅቤና በርበሬ፣ ለልጆቹ ጠርዙን ካለ በርበሬ። ገንፎ ቆይቶ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ለብርድ እንደሱ የለም።

ጨዋታውን እነሱው አመጡት። የእንቁላል ካርቶን ላይ ባቄላ ደርድረን ገበጣ ተጫወትን፣ ትንሹ አንድ ባቄላ አፉ ውስጥ ሲከት ደርሼበት በገንፎ ማንኪያ ተካሁት፤ ሕፃን ካለ ባቄላም ጠጠርም ይቅር። ሻማም አላበራሁም፣ ያን ቀን እሳት የሚባል ነገር ማየት አልፈለግኩም። በጨለማ እንቆቅልሽ ያዝን። ትልቁ «እንቆቅልሽ!» አለ።

«ምን አውቅልህ!»

«ከሰማይ ሲወርድ ድንጋይ፣ እጄ ላይ ሲደርስ ውሃ።»

ቀኑን ሙሉ ስንይዘው የዋልነውን! እኔ አውቄ አላወቅኩም አልኩ። «አገር ስጪኝ» አለ። ጎንደርን ብሰጠው እምቢ። ሐረርን፣ እምቢ። «ኮምቦልቻን ስጪኝ፣ ፀሐይ አለ» አለኝ። ሰጠሁት።

አባታቸው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገድ አላሳይ ብሎ ሚኒባሱ በእግር ነው የመጣው ማለት ይቻላል አለ። የሆነውን ሁሉ በስልክ ነግሬዋለሁ፣ እንደገባ ልጆቹን አንድ በአንድ አገላብጦ ሳማቸው፣ ምንም አልተናገረም። ሴቷ ሮጣ አልጋ ሥር ገባችና ሲኒውን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። አየችው። ውሃ ነው።

«በረዶ ነበር» አለችው። ከንፈሯ ሊንቀጠቀጥ ሲል አባቷ ተቀበላትና አንድ ጊዜ ጭልጥ አደረገው። «ኧረ ይሄማ አሁንም በረዶ ነው፣ ጥርሴን!» አለ፣ አገጩን ይዞ።

ከቆርቆሮ የወረደ ነው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት።